የያቤጽ መዳፍ

አዳማ መናኸሪያ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሙቀቱም አቧራውም አንድ ላይ ይነሳል። የሻሸመኔ ሚኒባስ ለመሙላት ጥቂት ሰው ሲቀረው፣ በሩ ሥር አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ መሬት ላይ ተዘርግቶ መጮኽ ጀመረ። እናቱ በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው የልጁን ክንድ ይዛ ላቧ ይንቆረቆራል። ሰው ከበባቸው። አንዲት ሴት ከቦርሳዋ ማስቲካ አውጥታ "እንካ ማሙሽዬ፣ እንካ" ትለዋለች። አንድ ሰውዬ "ጸበል አልወሰድሽውም እንዴ?" ይላል። ረዳቱ ደግሞ "ማዘር፣ ወይ አሳፍሪው ወይ ለጩኸቱ ለብቻ አስከፍላለሁ" ብሎ ሰዉን አሳቀ።

በዚህ መሀል ለሹፌሩ የተቋጠረ ዕቃ ስታቀብል የነበረች ቀጭን ሴት ዕቃዋን ጋቢናው ላይ ጥላ መጣች። ጥላዋን ዘርግታ ከልጁ በላይ ያዘችለትና ጎኑ ቁጢጥ አለች። ልጁን አላየችውም፤ አላናገረችውምም። ማስቲካ የያዘችውን ሴት "እህቴ፣ ለኋላ ያዢለት" አለቻት በቀስታ። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች።

"ከመውደቁ በፊት ምን ነበር?"

"ምንም። ልንገባ ስንል ነው እንዲህ የሆነው።"

"መኪና ውስጥ የት መቀመጥ ይወዳል?"

እናትየው ትንሽ አሰበች። "መስኮት ጋ። ዛሬ ግን ተይዟል።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ጥላውን ይዛ ቆየች። የሚሳቅበት ነገር ሲጠፋ ሰዉ ተበተነ። ጩኸቱ ወደ ሳግ ወረደ። ልጁ ቀና ብሎ እጁን ወደ መስኮቱ ሲዘረጋ ሴትዮዋ ፈጠን አለች። "አሁን ስጪው። አየሽ፣ በእጁ ጠየቀሽ። ሲጮኽ ሳይሆን እንዲህ ሲልሽ ነው የምትሰጪው።" መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ተሳፋሪ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀ። ልጁ ገብቶ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈና ጸጥ አለ።

ሴትዮዋ አብራቸው አልሄደችም። ለሹፌሩ "ኩየራ ላይ ጂጂ ትቀበልሃለች፣ አትርሳት" ብላ ጥላዋን አጠፈች፤ መኪናው ከመናኸሪያው እስኪወጣ ድረስ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

ቦታውን የለቀቀው ተሳፋሪ ይህን የሚጽፈው ሰው ነው። ለሥራ ወደ ሻሸመኔ የሚመላለስ ስለሆነ፣ ሴትዮዋን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው አዳማ፣ መብራት ኃይል አካባቢ አንድ ጭማቂ ቤት ውስጥ ፓፓያ ስትልጥ አገኛት። ስሟ ፍሬሕይወት ነው። ታሪኳን በአንድ ቀን አልነገረችውም። ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠች፣ የጭማቂ መፍጫው ሲጮኽ ዝም እያለች፣ በብዙ ቀን ቆራርሳ ነው የነገረችው።

ፍሬሕይወት አዳማ ተወልዳ ያደገች ናት። ወላጆቿ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ፍራንኮ ሰፈር የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ያገባችው ምልኬሳን ነው፤ ሻሸመኔ አቅራቢያ ያለችው የኩየራ ልጅ፣ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው የተለያየ በመሆኑ ሁለቱም ቤተሰቦች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ልጅ ሲወለድ ግን ሁሉም ዝም አለ። ልጁን ያቤጽ ያለችው እሷ ናት። በመጽሐፍ ቅዱስ በጭንቅ ተወልዶ፣ ፈጣሪውን ለምኖ የለመነውን ያገኘ ሰው ስም ነው።

ያቤጽ መራመዱን በጊዜው ተራመደ። አፉን ግን አልፈታም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ የጠርሙስ ክዳን ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክር ይውላል። ምልኬሳ ከመንገድ ሲመለስ "የኛ ቤት ወንዶች ወሬ አንወድም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጊዜው ሲደርስ ይናገራል" እያለ ይስቅ ነበር። ጊዜው አለፈ። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው አላቸው። ምልኬሳ የዚያን ቀን አልሳቀም።

ያቤጽ ቃል ስላልነበረው በጩኸት ይኖር ነበር። ውሃ ሲጠማው ይጮኻል፤ ልብሱ ሲኮሰኩሰው ይጮኻል፤ የመኪና ጥሩንባ ሲሰማ ይጮኻል። የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ግቢ ደግሞ የሚያለቅስ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው። ማንም ሰው የልጅ ለቅሶ ሰምቶ በሩን አይዘጋም። አንዱ ብስኩት፣ አንዱ ሙዝ፣ ቀሪው ስልኩን ከፍቶ ዘፈን ይዞለት ይመጣል። ከሁሉ የምትቀድመው ሑስና ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ በረንዳዋ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ትልቅ ሴት። "ወላሂ ፍሬ፣ ይሄ ልጅ ሲያለቅስ እጄ ሊጥ አይነካልኝም" ትልና ቴምር ይዛ ትመጣለች። ያቤጽ ቴምሩን በልቶ ዝም ይላል። ፍሬሕይወትም እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጣት እግዚአብሔርን ታመሰግን ነበር።

ኋላ እንደ እሱ ያሉ ልጆችን የሚያስተምር ትንሽ ማዕከል መከፈቱን ሰማች። አስተማሪዋ ማርቲ የምትባል ወጣት ነበረች። ማርቲ ልጁን ከማየቷ በፊት እናቱን ጠየቀቻት።

"ከመጮኹ በፊት ምን ነበር? ከጮኸ በኋላስ ምን አገኘ?"

ፍሬሕይወት የጩኸቱን ከፍታ፣ ዕንባውን፣ ሰው ፊት ያዋረዳትን ውርደት ሁሉ ታስታውሳለች፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ግን አይታው አታውቅም። ማርቲ ቤቷ መጥታ እንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታይ ዋለች። ወደ ማታ ላይ እንዲህ አለቻት፦ "የያቤጽ እናት፣ ልጅሽ ባለጌ አይደለም፣ ጋኔንም የለበትም። ጩኸት ሥራ እንደሚሠራ ተምሯል፤ ያስተማረው ደግሞ ይሄ ግቢ ነው።"

"እኛ እኮ እየሰጠነው ነው።"

"ሲጮኽ ነው የምትሰጡት። እሱ ጉቦ ነው። ዝም እንዲልላችሁ የምትከፍሉት። ሽልማት የሚባለው ግን ጥሩ ነገር ካደረገ በኋላ የሚመጣው ነው።"

"ታዲያ አፍ የለው፣ በምን ይጠይቀኝ?"

"በእጁ" አለች ማርቲ።

የያቤጽን መዳፍ ዘርግታ የእናቱ እጅ ላይ አሳረፈችና ወዲያው ውሃ ሰጠችው። እንዲሁ ደጋገመችው። መጀመሪያ እጁን ሙሉ በሙሉ ይዛ ታሳርፍለታለች። ሲለምድ ክንዱን ብቻ ትነካዋለች። ቀጥሎ ክርኑን ገፋ ታደርገዋለች። የሚረዳው እጅ ቀስ በቀስ እየራቀ ልጁ ብቻውን እስኪቀር ድረስ። ሲጮኽ ደግሞ አጠገቡ ይሆናሉ፤ ራሱን እንዳይጎዳ ይጠብቁታል፤ በጩኸቱ ግን አንዳች ነገር አይሰጡትም፣ ቃልም ቢሆን። ማርቲ ይህን ከማስጀመሯ በፊት ሐኪም ዘንድ ልካቸው ጆሮውንና ጥርሱን አስመርምራለች። ሕመም ያስጮኸውን ልጅ ዝም ብሎ ማየት ኃጢአት ነው አለች።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀቻት። "ጩኸቱ ከመቅረቱ በፊት ይብሳል። የለመደው በር ሲዘጋበት መጀመሪያ በኃይል ነው የሚያንኳኳው። በዚያን ሰዓት ማንም እንዳይከፍትለት። አንዴ ከከፈታችሁ፣ አብዝቶ መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው የሚማረው። ሁልጊዜ ከምትሰጡት ይልቅ አልፎ አልፎ የምትሰጡት ነው ሥር የሚሰደው፤ 'ምናልባት አሁን' እያለ ይቀጥላልና።"

ፍሬሕይወት ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ለመነች። ሁሉም እሺ አሉ። ሑስናም "እሺ፣ ጆሮዬን በጥጥ እደፍናለሁ፤ ሳምቡሳ ሊገዛ የመጣ ሰው ሲጠራኝ ግን አንቺ ትሰሚልኛለሽ" ብላ ቀለደች።

ጩኸቱ እንደተባለው ባሰ። ያቤጽ አፈር ላይ ተንከባለለ፣ ልብሱን ቀደደ፣ ድምፁ እስኪሻክር ጮኸ። ሑስና ለጥቂት ቀናት ቻለችው። አንድ ቀን ግን ፍሬሕይወት ቦኖ ውሃ ስትቀዳ፣ ሑስና በመጋረጃው ሥር እጇን አሾልካ ቴምር ሰጠችው። ልጁ ወዲያው ዝም አለ። ፍሬሕይወት ስትመለስ የቴምሩን ፍሬ ወለሉ ላይ አየችው።

"ሑስናዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግኩ? ልጅ አበላሁ።"

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር።"

"ላንቺ ገባሁ እንጂ ለአንጀቴ መቼ ገባሁ" አለች ሑስና። ዕንባ በዓይኗ ሞልቶ ነበር። ክፋት በልቧ አልነበረም። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ብትሆን ፍሬሕይወት ተጣልታት በተገላገለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። ማርቲ ተስፋ አትቁረጪ፣ እንደገና እንጀምራለን አለቻት። ፍሬሕይወት እንደገና ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ ግን ማርቲ ያላለቻትን አንድ ነገር ጨመረች። ከልጇ ጋር ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። የቆለፈችው በልጁ ላይ አልነበረም፤ በሑስና ቴምር ላይ ነበር።

ከቀትር በኋላ ነው። ቆርቆሮው ግሏል። ፍሬሕይወት ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያዋን በውሃ ሞልታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን እጇን ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያቤጽ ይጮኻል። ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ሑስና በሩን ትደበድባለች። "ክፈቺ ፍሬ። ምን እያደረግሽው ነው? አንቺ የወለድሽው አይደለም እንዴ? መልሺልኝ እንጂ።"

ፍሬሕይወት አልመለሰችም። ብትናገር ያቤጽ ድምፅዋን ይሰማል፤ ጩኸቱ እናቱን ያናገረለት ይመስለዋል። ስለዚህ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ በልቧ ብቻ አቤቱ ትላለች። በሩ ወዲያ የቆሙት ሰዎች የሰሙት ግን የልጅ ጩኸትና የእናት ዝምታ ብቻ ነበር።

ጩኸቱ በረደ። ያቤጽ ተነስቶ ቆመ፤ ኩባያውን አየ፤ እጇን አየ። መጥቶ መዳፉን ዘርግቶ እጇ ላይ አሳረፈ። ማንም ክንዱን አልነካውም፣ ማንም ክርኑን አልገፋውም። ፍሬሕይወት ውሃውን ሰጠችው። ጠጣና መልሶ መዳፉን አሳረፈ። መልሳ ቀዳችለት። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጇ አንድ ቃል እንዲናገራት ስትለምን ኖራ ነበር፤ ተናገራት። በሩን ከፍታ ለሑስና ልትነግራት ወጣች። ሑስና አልነበረችም። ክፍሏ ውስጥ ሆና ለምልኬሳ እየደወለች ነበር። "ድረስ፣ ሚስትህ ልጁን ልትገድለው ነው" አለችው፤ የምትለውንም ከልቧ አምናዋለች።

ምልኬሳ በማግስቱ ደረሰ። እህቱ ጂጂም ከኩየራ መጣች። የግቢው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ምልኬሳ የጠየቃት ቆሞ ነው።

"ቆልፈሽበት ነበር?"

"ቆልፌ ነበር።"

"ይጮኽ ነበር?"

"አዎ።"

"አንቺ የት ነበርሽ?"

"አጠገቡ።"

"ምን እያደረግሽ?"

"ዝም ብዬ።"

የመለሰችው ሁሉ እውነት ነበር፤ እያንዳንዱም እውነት ፈረደባት። ስለ መዳፉ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ጂጂ ቀደመቻት። "እኛ ሰፈር ጥጃ እንኳ ሲጮኽ ሰው ይወጣል" አለች፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማርቲ ተጠርታ መጣችና ለማስረዳት ሞከረች። ጂጂ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንቺ ወልደሻል?"

"አልወለድኩም።"

"በቃ እንግዲህ።"

ያቤጽ ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳ ተደግፎ ክዳን ያሽከረክር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ማሰሮ አለ። ክዳኑን ጥሎ ወደ አባቱ ሄደና መዳፉን የምልኬሳ እጅ ላይ አሳረፈ። ፍሬሕይወት "ውሃ ስጠው፣ ውሃ እየጠየቀህ ነው" አለች። ምልኬሳን ግን ልጁ በሕይወቱ ሙሉ እጁን ይዞት አያውቅም። ዓይኑ በዕንባ ተሞላ። "አያችሁ፣ ውሰደኝ እያለኝ ነው" አለ። ያንን እጅ አጥብቆ ይዞ በግቢው በር አውጥቶ መኪናው ላይ አሳፈረው፤ ከጂጂ ጋር እንዲኖር ኩየራ ወሰደው።

ማዕከሉ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም፤ ማርቲም አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ሄደች። ምልኬሳ እንደ ድሮው ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ከመንገድ ሲመለስ የሚያድረው ግን ኩየራ ነው። ሑስና ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ሸፍና ፍሬሕይወት በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ አታንኳኳም። ፍሬሕይወትም ሳህኑን አጥባ ትመልሳለች። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ግን የላቸውም።

ፍሬሕይወት ኩየራ አንድ ጊዜ ሄዳለች። ያቤጽ አወቃት። ስትመለስ ግን እስኪያስመልሰው ጮኸ። ጂጂ ኋላ ደውላ "ስትመጪ ነው የሚብስበት። ለሱ ስትይ ተይ፣ እስኪረጋጋ አትምጪ" አለቻት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጇ ማንጎና ንጹሕ ልብስ ቋጥራ በመኪና ትልካለች። በእውነት ለመናገር ጂጂ ክፉ አክስት አይደለችም። ልጁን ታጥበዋለች፣ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ትሄዳለች፣ ወፍሯልም። በስልክ "እጄን ይይዘኛል እኮ፣ እንዴት እንደሚወደኝ ብታዪ" አለቻት አንድ ቀን።

"ሲይዝሽ የሚፈልገውን ነገር ስጪው ጂጂ፣ እየጠየቀሽ ነው።"

"ኧረ እኛ ቤት ምን ይጠይቃል? ሳይጠማው ነው የማጠጣው፣ ሳይርበው ነው የማጎርሰው።"

ፍሬሕይወት ይህን ለጸሐፊው ስትነግረው የያዘችውን ቢላዋ አስቀመጠች። በቅርቡ ስትደውል ጂጂ ልጁ አሁን እጇን መያዝ እንደተወ ነግራታለች። "አድጎ አፈረ መሰለኝ" ብላ ስቃለች።

"አላፈረም" አለች ፍሬሕይወት። "መልስ ስላጣ ነው። ማርቲ ያስተማረችኝ ይሄንኑ ነው፤ መልስ የሌለውን ነገር ሰው ይተዋል። ጩኸቱን የማጠፋበትን መንገድ ተማርኩ፣ በዚያው መንገድ ቃሉን እያጠፉበት ነው። እነሱ ደግሞ አያውቁትም፤ ደግ ነን ብለው ነው።"

ጸሐፊው ትጸልይ እንደሆነ ጠየቃት። ፈገግ አለች። "እጸልያለሁ። እኔስ እጄን ከዘረጋሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ሁሌ አይመልስልኝም። አልፎ አልፎ ግን ይመልስልኛል፣ ለዚህ ነው እጄን ያላጠፍኩት። የያቤጽም እንዲሁ ነው። በየቀኑ ባይመልሱለት፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ከመለሰለት ይቆይለታል። ምናልባት አሁን እያለ ይጠብቃል።"

የጭማቂ መፍጫው ጮኸና አቆመ። አንድ ተማሪ ስፕሪስ አዘዘ፤ ፍሬሕይወት ቀድታ ሰጠችውና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ነገ ሻሸመኔ ይወርዳሉ ብለውኝ ነበር።"

"አዎ፣ ጠዋት ነው የምሄደው።"

"ኩየራ ቢወርዱልኝ። የዚህን ሳምንት ዕቃ አልላክኩም፤ ይዘውልኝ ይግቡ። እኔ እንደላክኩዎት ቢነግሯት ጂጂ አትከለክልዎትም፤ እንግዳ ትወዳለች። ሌላ ምንም አይንገሯት። ብቻ ኩባያውን ቋጠሮው ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ ሰማያዊውን። ውሃ ይሙሉበትና አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። አንዱን እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ይዘርጉለት። አያናግሩት፤ ይጠብቁት። መዳፉን ካሳረፈልዎት ወዲያው ይስጡት፣ አንድም ሳይዘገዩ።"

"ካላሳረፈስ?"

ፍሬሕይወት ፓፓያውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ካላሳረፈ እጁን ቀስ ብለው ይያዙና እርስዎ እጅ ላይ ያድርጉለት፣ እንዳይረሳው። እምቢ ካለዎትም ግን ውሃውን ይስጡልኝ ጋሼ። ጠምቶት ይሆናል።"